ርግቦቹ ዝም ሲሉ

ጥር ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት። ጭሱ እንኳ አየር ላይ ረግቶ፣
አምስት መኪና ቆሟል፣ ከፍሪሰን እርሻ አጥር ተጠግቶ።
የካኖላው ጉቶ ከበረዶው በላይ ጫፍ ጫፉን አውጥቶ፣
ሜዳው የሦስት ቀን ጢም ይዟል፣ መላጨቱን ትቶ።

ከሬጂና የመጣ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም፣
ሁለት እህትማማቾች፣ ስማቸውን አልያዝኩም፣
ጓንቱ ግራና ቀኙ የተለያየ አንድ ተማሪ፣
እና እኔ፣ ነዳጅ ጭኜ የዘገየሁት የቦቴ አሽከርካሪ።
ሁላችን አንድ የመብራት ምሰሶ ላይ አፍጥጠናል።

«ነጭ ጭልፊት!» አለ ሐኪሙ፣ ቅዳሴ መሐል እንዳለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ከዋልታ ወርዳ! ሃያ ዓመት ጠበቅኋት» አለ፣ ዓይኑን በጓንቱ ጠርጎ።
ብርዱ ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅኩም።

ተራዬ ደርሶ ቴሌስኮፑ ላይ ሳጎነብስ፣ መጀመሪያ የራሴ ሽፋሽፍት፣
ቀጥሎ ምሰሶ፣ ቀጥሎ ሽቦ፣ ከዚያ በድንገት
ደረቷ፤ ብዕር ያንጠባጠበበት ብራና፤
ዓይኗ፤ ጥቁር፣ እኔን ከቁም ነገር ያልጣፈ ገና።
አንድ ላባ በነፋስ ተነሣ። ተኛ።
ለግማሽ ሰዓት ሌላ ምንም አልሆነም።

ከበረቱ ወገን ወይዘሮ ኢርማ መጡ፣ በሟች ባላቸው ቦት ጫማ፣
ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት፣ አጥሩን እየዳበሱ፣ ድምፃችን ወደሚሰማ።
ሐኪሙ ቦታ ለቀቀላቸው፤ «ይዩአት እንጂ፣ ብርቅ ናት፣ ብርቅ!»
ሳቁ። «እቺን ዓይን ይዤ፣ ምን ላይ ብዬ ልጨነቅ?
እኔስ ካወቅኋት ሦስት ቀኔ። ጎተራው ላይ ርግቦቼ ዝም ብለዋል፤
ማለዳ ቆርቆሮውን የሚቧጥጠው ጥፍራቸው ጠፍቷል።
ኮርኒ የሞተ ለት እንኳ አላቋረጡም ነበር።»

ጆሯችንን ወደ ጎተራው አዘነበልን።
ሰባት የብረት ጎተራ፣ በረዶ፣ እና ያ ዝምታ፤
እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማናችንም ያልሰማነው፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ።
ዓይናችንን ስንመልስ ሽቦው ብቻውን ይወዛወዛል።

ተማሪው ጻፈ፦ «አራት ሰዓት ከሃያ። አቅጣጫ፦ አልታወቀም።»
እህትማማቾቹ በስተ ምሥራቅ፣ ሐኪሙ በስተ ሰሜን አሉ፤ አልተስማሙም።

ወይዘሮ ኢርማ ጣታቸውን አነሡ፦ «ቆይ።»
ቆርቆሮው ላይ አንድ ጥፍር።
ቆየት ብሎ ሌላ።

ማታ፣ የዘገየሁበትን ምክንያት በሚጠይቀው ቅጽ ላይ
«የአየር ጠባይ» ብዬ ሞላሁ።