የጭረቷ ሂሳብ

ላውዝ በምትባል ከተማ፣ በሊንከንሻየር ጭጋግ፣
በሳምንታዊው ጋዜጣ ቤት፣ ከማተሚያው ማሽን ጥግ፣
የወደቀ የእርሳስ ፊደል ስለቅም ነው ያደግሁ፣
ጣቴ ጥቁር፣ ኪሴ ቀዳዳ። አንድ ማክሰኞ ይህን አየሁ።

ሚስስ ታፍኔል ገባች፤ ባሏን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤
ጥቁሩ ኮት የእህቷ ነው፣ እጅጌው ጣቷን የሸፈነው።
በእጇ ማስታወቂያ አለ፣ ቀጥ ባለ እጅ የተጻፈ፣
በመሀረቧ ጫፍ ሳንቲም፣ ተቆጥሮ ያልተረፈ።
አንድ ቃል በሁለት ፔኒ ነው።

አምብሮዝ ታፍኔል ይላል፣ ሃምሳ ዓመት ጉድጓድ የቆፈረ፣
ከዚያም በታች «ዌል-ላቭድ»፤ በደንብ ተወዶ የኖረ።
በሁለቱ ቃል መሀል አንዲት ጭረት ተጋድማለች፣
በሁለት ሰው ጫንቃ ላይ እንዳለች ሳንቃ ቀጥ ብላለች።

ሚስተር ፒንደር፣ አራሚው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤
«እመቤት፣ ይቺ ጭረት ትውጣ» አለ።
«ከስሙ በፊት ሲመጣ፣ ቃሉ ከቃል ይያያዛል፤
ከስሙ በኋላ ሲመጣ ግን ለየብቻው ይጓዛል።
ይኸው፣ የባልዎ ስም አስቀድሞ አልፏል።»

«ሲለያዩ ስንት ነው?»
«ሁለት ቃል፤ ሁለት ፔኒ ይጨመራል።»
«ሲያያዙስ?»
«አንድ ነው፤ እንደ አንድ ይቆጠራል።»
መሀረቧን አየች። ቋጠሮው ተፈትቷል፤ ሌላ ቋጠሮ የለውም።
«ዌል…» አለች።

ይኼን «ዌል» በምን ላስረዳ?
የወል ቃል ነው፤ ሁሉም በየቅሉ የሚቀዳው።
ጉድጓዱም ዌል ነው፣ አምብሮዝ በአካፋ የቀደደው።
ሐኪሙ በኅዳር «ዌል ነህ» ብሎት ነበር፤ ደህና ነህ ማለቱ፤
በጥር ሳንባው ውሃ ቋጠረ፤ ጉድጓድ ሆነ ደረቱ።
ዓይን እንባ ሲያቀርም ዌል ነው፤ ሥራ ሲያምርም ዌል፤
ሰው የሚለው ሲያጣ ደግሞ፣ በረጅሙ ተንፍሶ፣ «ዌል…»
እሷ የትኛውን አለች? አላውቅም። ምናልባት ሁሉንም።
ሠላሳ ዓመት ያረመው ፒንደርም ይህን ለማረም
ቀለም አላነሳም።

«እሱ ሲወርድ» አለች፣ «ገመዱን የምይዝ እኔ ነኝ።
ሦስቴ ከሳበ አውጪኝ ነው፤ አንዴ ከሳበ፣ አለሁ።
እርስዎ ሕጉን ያውቃሉ፤ እኔ ገመድ አውቃለሁ።
ሰው ከታች ወርዶ ሳለ
ከላይ ገመድ አይቆረጥም።»

ፒንደር ዝም አለ። ጆሮው ሥር ቀለም ነበረው።
ለከንቲባው እንኳ አንዲት ነጥብ ያላለፈ ሰው ነው።
ወረቀቱን ይዞ ሄደ፣ ራሱ፣ ወደ ፊደል ሳጥኑ፤
የጋዜጣው ዓምድ ጠባብ ነው፣ ሁለት ጣት ተኩል መጠኑ።
አንዱን ክፍተት አሰፋ፣ ሌላውን አጠበበ፤
ሦስቴ አፈረሰ፤ በአራተኛው ምን እንዳሰበ
ገባኝ፦ «ዌል» ከመስመሩ ጫፍ ደረሰችና ቆመች፤
«ላቭድ» ወደ ታች ወረደች። ጭረቷ ጫፉ ላይ ቀረች።

በመስመር ጫፍ የቆመችን ጭረት ማን ብሎ ይጠይቃል?
ዓይን ረግጧት ይወርዳል፤ ቦታ ጠቦ ነው ይላል።

ሂሳቡን ሲጽፍ እንደ አንድ ቆጠራት።
ሴትዮዋ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ደህና ሆነ?» ብትለው፣
«ዌል» አላት፤ ሌላም ሊል ነበር፤ ማሽኑ ድምፁን ዋጠው።

ሐሙስ ማታ ገጹ ሲፈርስ፣ ፊደሉ ወደየሳጥኑ ሲመለስ፣
ጭረቷን ሰረቅኋት፤ ከገብስ ፍሬ የምታንስ።
ኪሴ ቀዳዳ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቤት ስደርስ ነው።
ከማተሚያ ቤቱ እስከ በራችን መንገዱ ረጅም አይደለም፤
በፋኖስ ፈለግኋት፤ የለችም።
የት እንደወደቀች እንጃ፤
በምንና በምን መሀል።