ጋት

አሸዋ የጫነ፣ ሸራ ያልለበሰ፣
ከፊቴ ሲከንፍ አንድ ከባድ መኪና፣
ጠጠር ተነሣና መስታወቴን ነከሰ፤
«ቀጭ» አለ፣ አበቃ፤ ምስር አያህልም በቁመና።

በማግስቱ ቂርያት ጋት፣ ከሕንፃችን በታች፣
ከጠጠሩ ንክሻ ጭረት ወጥታ ታየች።
አክስቴ ትሁኔ በጣቷ ለካችና
«አንድ ጋት ናት» አለች፤ «ሕፃን ናት፣ ታድጋለች ገና።»

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጎህ ሳይቀድ፣ አሽቀሎን
እወስዳታለሁ፣ ደሟን ማሽን እንዲያጥብላት።
ከጎኔ ነች እሷ፣ ቀበቶዋን አጥብቃ፤
መንገዱን አታይም፣ ስንጥቋን ጠብቃ።
እሑድ ጋት የነበር፣ ማክሰኞ ስንዝር ሆነ፤
ሐሙስ መጥረጊያውን አልፎ ወደ እሷ ዘመነ።
«ይህ ነገር እግር አለው» አለችኝ፤ «ካለ መላ
ጉድጓድ የገባን ቀን ይመጣል ከእኛ ገላ።»

ስልክ መታሁ። አንዱ፣ ስሜን እንኳ ሳይል፣
«ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ጥሬ ይዘህ ከች በል፤
ደረሰኝ ከተውክልኝ ዋጋው ይወርዳል።»
«ማጣበቂያውስ?» አልኩት። ሳቀ፦ «እየነዳህ ይደርቃል።»

ሁለተኛው አዳራሽ፣ ወለሉ የሚያበራ፤
ቁጥር ቆርጬ ቆየሁ፣ ቁጥሬ ተጠራ።
ልጅቷ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳትነቅል
ኢንሹራንሴን ጠየቀች። የማን ሥሪት ነው? ብል
«እንደ ኦሪጂናሉ ነው» አለች።
                              «እንደ» የምትል ቃል
ትጎረብጠኛለች።
እንደ ወንድም፣ እንደ ቤተሰብ፣ እንደ ሙሉ ዜጋ፤
ብዙ «እንደ» ገዝቻለሁ፣ አውቃለሁ የሷን ዋጋ።

ከሐዲዱ ማዶ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣
ዛውር የሚሉት አለ፣ የካውካስ ሽማግሌ።
ቆርቆሮ በር፣ ሁለት ወንበር፣ አንዲት ድመት ከነልጆቿ።
ሰላምም አላለ። ስንጥቁን በጣቱ ጫፍ
ከመነሻው እስከ መድረሻው ተጓዘበት፣
ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው፣ ክፉ ወሬ ያለበት።
«እዚህ ማን ይቀመጣል?» አለ፣ ወደ ቀኝ እያየ።
ነገርኩት።
ዝም አለ። ሻራቭ ነበር ያን ዕለት፤ ከነገብ የተነሣ
አቧራ ሰማዩን አልብሶት ነበር የጆንያ ሸማ።
«ዛሬ አልነካውም» አለ። «አቧራ ሙጫው ውስጥ ከገባ
መስታወቱ የያዘ ይመስላል እንጂ አይይዝም፤
ኤርባጉ የፈነዳ ቀን ተደግፎት አይቆምም።
ነገ ና በማለዳ። ከገጠምኩት በኋላ
እስከ ቀትር አትነዳትም፤ ብትጮህም፣ ብትጣላ።»

ገንዘቤን በእጄ ይዤ ተመለስኩ በንዴት።
ነገ የደሟ ቀን ነው! ሰው ብር እያየ ነገ ይላል?
ትሁኔ ሰማችኝና፣ ነጠላዋን አጣጥፋ፣
«ማን ይቀመጣል ብሎ ጠየቀህ?» «አዎ።» «ሌሎቹስ?»
ዝም አልኩ።
«ታዲያ ምን ትለፈልፋለህ» አለች፤ «አውቶቡስ አለ።»

ሄድን በአውቶቡስ። ሾፌሩን ስትሰድብ አደረች፣
አደረች ልበል እንጂ መንገዱስ አጭር ነበር።
ዛውር አሮጌውን ሙጫ በሽቦ ቆረጠ፤
ጠርዙን ጠረገ፣ ዳግም ጠረገ፣ ጥቁር ቀባ፤
ደረሰኙን በእጁ ጻፈ፣ አንድ ሸቀል አልቀነሰ፤
ከላይ ሁለት ሰማያዊ ፕላስተር ለጠፈና
«እስከ ነገ አትንቀለው» ብሎ ወደ ድመቱ ተመለሰ።

ሦስት ሳምንት ሆነ።
የአንደኛው ጫፍ ለቆ ነፋስ ይጫወትበታል፤
ጎረቤት «ይህ ምንድን ነው?» እያለ ይስቃል።
ልነቅለው ስዘረጋ እጄን ትመታኛለች፦
«ተው፣ ሰውየው ተው ብሏል!»
«እስከ ነገ ነው ያለው» ስላት
ዞራ አየችኝ፣ ቀበቶዋን እየሳበች፤
«ታዲያ ነገ ደረሰ?» አለች።