ስምንት ሜጋባይት

ወንዙ ከግግር በረዶው ሥር እየጮኸ ይወጣል፣
ጥቁሩን አሸዋ ሰንጥቆ ባሕር ይገባል።
በመካከል አሮጌ ድልድይ አለ፤ በድልድዩ ምሰሶ ላይ
አንዲት ግራጫ ሣጥን፣ ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ፣
ሌት ተቀን የውኃውን ከፍታ የምታይ።

አልዳ በሆፍን ወደብ፣ ከዓሣ ማቀዝቀዣው ጀርባ፣
ለሣጥኗ ስንቅ ትቋጥራለች፣ ቀኑ ሳይመሽ ጨልሞባት፤
ስልቻዋ ስምንት ሜጋባይት ነው፣ ሌላ የላትም ቋት።
ከርነሉ ብቻውን ግማሹን በልቷል፣
የሞደሙ ሾፌር ከቀረው ላይ ዘግኗል፤
የተረፈው ለትእዛዞቹ ነው፣ ለጥቃቅኖቹ።

ስክሪኑ ሰማያዊ ነው፣ ዝርዝሩ ረጅም፤
ከየስሙ ፊት አንድ ቅንፍ፣ ጥርስ እንደወለቀ ድድ።
ትፈልጊኛለሽ? ይላል እያንዳንዱ።
አዎ ካለች ኮከብ፣ አይ ካለች ባዶ።

ግሬፕ ይግባ። ያለ እርሱ መዝገብ ገለባ ነው፣
ፍሬውን ማን ይለየው?
ፒንግ ይግባ፤ «አለህ?» «አለሁ» መባባል
ለራቀ ሁሉ ሲሳይ ነው።
ታር? ይቅር፤ ከቁጥር በቀር ምንም በሌለበት ምን ይጠቀልላል?
የቀን መቁጠሪያው ደስ ይላል፣
ወሩን በሰባት ዐምድ ሰድሮ ያሳያል፤
ግን ለማን? ለወፍ? ይቅር።
ኦክ ከባድ ነው፣ ብልህም ነው፤
ሁለት ጊዜ ኮከብ ሰጠችው፣ ሁለት ጊዜ ነጠቀችው፣
ሦስተኛ ሻይዋን ስትቀዳ መልሳ ሰጠችው።

ቪአይ ላይ ቆመች።
ጽሑፍ ማረሚያ ነው፣ ግትር፣ ከውስጡ ለመውጣት እንኳ መላ የሚጠይቅ።
ነገር ግን በጥር፣ ነፋስ ጓንት በሚነጥቅበት ሰዓት፣
ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ አንዲት ፊደል የሚያርም ሰው
በምን ያርማት?
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።
ይግባ። ሃያ ሦስት ኪሎባይት ከስልቻው ጎደለ።

እንዲህ እያለች ወረደች፣
ከመጨረሻው ገጽ ደረሰች፣
ማጥፊያውን አገኘችው።

ማሽን የሚያስተኛ፣ መብራት የሚከድን ትንሽ ትእዛዝ፣
ሁሉም ቤት ያለ፣ «ይግባ ወይ?» ተብሎ የማይመከርበት፣
ክብደቱ ከላባ የማይበልጥ።
ቅንፉ ባዶ ነበር።

ተረስቶ ይሆናል አለች። ጣቷ ወደ ኮከቡ ሲሄድ
ማን ነቀለው ብላ የድሮውን መዝገብ ከፈተች፤
ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት፣ የግሪሙር እጅ፣ ምክንያት አልተጻፈም።
ግሪሙር ስለ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሦስት መስመር የሚጽፍ ሰው ነው።
እዚህ ግን ዝም።

ግሪሙር ከመስኮቱ ሥር መነጽሩን ይጠርጋል፤
ከራሱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የቆየ ግራፍ ተለጥፏል፤
የወንዙ መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል፣
ኅዳር ላይ ይቆረጣል።
ከዚያ ነጭ። አንድ ክንድ ሙሉ ነጭ ወረቀት።
ሚያዝያ ላይ መስመሩ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል።
አልዳ አምስት ዓመት ሙሉ
ማተሚያው ቀለም ያለቀበት መስሏት አልፋዋለች።

«ይህችን ልዘጋ ነበር» አለ ሳይጠየቅ፣
የጠረጴዛውን ኮምፒውተር በአገጩ እያሳየ።
«ሌሊት ነው፤ ሁለት መስኮት ተከፍቷል፤
አንዱ የዚህ፣ አንዱ የድልድዩ።
በተሳሳተው ላይ ጻፍሁ።
እሷ ምን ታድርግ፣ ታዛዥ ናት።
መንገዱ እስከ ፀደይ አልተከፈተም።»

በምጽፍበት ቋንቋ ማጥፋት ሁለት ነው፤
መብራት የከደነ «አጠፋሁ» ይላል፣
የበደለም «አጠፋሁ» ይላል።
ግሪሙር ይህን ቋንቋ አያውቅም፤
ቃሉን ግን በሁለቱም ትከሻው ተሸክሞታል።

አልዳ ምንም አላለችም።
ቅንፉን እንደ ነበረ ተወችው።
ከአጠገቡ፣ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ፣
ጽፋ፣ ሰርዛ፣ ደግማ ጽፋ፣
«እዚያ የሚያበራት ሰው የለም» ብላ አስቀመጠች።

ዐሥራ አንድ ኪሎባይት ተረፈ።
ወደ ላይ ተመለሰች፣ ወደ ቀን መቁጠሪያው፤
ኅዳርንም ሚያዝያንም፣ በመካከል ያሉትንም ቀኖች
አንድ ሳያጎድል የሚሰድረው።
ኮከብ ሰጠችው። ለወፍም ቢሆን።

ሲወጡ ግሪሙር ኮቱን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤
የክፍሉን መብራት፣ እንደ ሁልጊዜው፣
እሷ አጠፋች።