ሦስተኛው ብልቃጥ

ከሆጤ በላይ፣ ጉም በመስኮት በሚገባበት ቤተ ሙከራ፣
ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አቧራ ጠራጊ፣ የብልቃጥ አደራ።
በዚያ ዓመት በሩን ሰብረው ማይክሮስኮፑን የወሰዱ፣
እነዚህን ሦስት ብልቃጦች ግን ትተዋቸው ሄዱ።
ማን ይሸከማል፣ አልቅት መሳይ፣ ገርጥቶ የተጠቀለለ ጉድ፣
ለወጥ የማይሆን፣ ለንግድ!
ወረቀታቸው ብቻ ረግፎ፣ ሙጫው በእርጥበት ተልጦ፣
ከመደርደሪያው ሥር አገኘሁት፣ ቀለሙ እርስ በርሱ ተዋውጦ።

በእኛ ቋንቋ ስም የላቸው። ላምፕሬይ ይሏቸዋል ባለቤቶቹ።
መምህር አበጋዝ ሲጠሯቸው፣ «የሰው አገር የወንዝ ልጆች፣ መጣጮቹ»።

ሰው ላክሁባቸው። ከቧንቧ ውሃ በባጃጅ መጡ፤
ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ተቀመጡ።
«ካፖርቴን አላወልቅም፤ ደሴ ነው» አሉ። «በል ክዳኑን አንሣው።»
ሽታው ቤቱን ሞላው።

ጦይባ ደብተሯን ይዛ ቆማለች፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣
ከክፍሏ ሁሉ ጠያቂ፣ መልስ ሲሰጧት ተጠራጣሪ።
«ከጎኑ ቁጠሪ» አሏት። ሰባት ቀዳዳ በተርታ።
«ዋሽንት ነው እንዴ?» «ትንፋሽስ ነበረው፤ የጎደለው ዜማው ነው» አሉ፣ በፈገግታ።
«በዚህ ግን አትለዪያቸውም፤ ሁለቱም ሰባት፣ ሁለቱም አንድ አፍንጫ፣ አናት ላይ።
በርዝመትም አትቸኩይ፤ ፎርማሊን ሰውን ያሳጥራል፣ እንኳን ይህን መሳይ።
የጀርባ ክንፉ ሁለት ነው። አንዱ ጋ መሐሉ ክፍተት አለ፤
ሌላው ጋ ጫፍ ለጫፍ ነው፣ እንደ ሰፈራችን አጥር የተቀጣጠለ።
ግን ሊራባ ሲል ያም ይጠጋል፤ ክንፍ ስንቱን ሰው አታለለ!»

ከዚያ እጃቸውን ሰደዱ።
ጓንት የለም። ጥፍራቸውን ከክቡ አፍ አስገቡ፤
ብሬል እንደሚያነብ ሰው ዙሪያውን ቀስ ብለው አነበቡ።
«ይሄ ስለት ነው። ይሄኛው ባሕር ወርዷል፤
የሌላ ዓሣ ጎን ላይ ተለጥፎ ደም መጥጧል፣ ጠግቦ ተመልሷል።»
ሁለተኛው ላይ ቆዩ።
«ይሄ ዶልዷማ ነው፤ ጥርስ ሳይሆን የጥርስ ትዝታ።
ካደገ ወዲያ አንድ ጉርሻ አልቀመሰም። ከተፈለፈለበት ወንዝ ሳይወጣ
ወለደ፤ ሞተ።»

«ታዲያ» አልኩ፣ «ወንዝ የማያሻግር በሉኛ!»
ቀና አሉ። «ቦርከናስ?
በደጅህ የሚያልፈው፣ የኮምቦልቻን እጣቢ አዝሎ የሚወርደው?
አዋሽን ያገኛል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ላይ ያልቃል።
ወንዝ አይደለም እንግዲህ? በል ንገረኛ!»

ጻፍኩ። አንዱ ላይ «የሄደ»፣ አንዱ ላይ «የቀረ»፤ የሳይንስ ስማቸውን ከሥር።
በፕላስተር ለጠፍኩት፤ በዚህ ጉም ሙጫ ማመን፣ ሁለተኛ አልደፍር።

ሦስተኛው ብልቃጥ ቀረ።
ውስጡ ክር መሳይ ጨቅሎች፤ ዓይናቸው ከቆዳ በታች፣ ጥርስ አልባ አፋቸው ላይ ቆብ የደፉ፣
ዓመታት በጭቃ ተቀብረው፣ ውሃ ያመጣውን እያጣሩ ያሳለፉ።
ጦይባ ወደ መስኮቱ አነሣችው።
«ከእነዚህ የሚሄደው የቱ ነው?»
መምህር አበጋዝ እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉ።
«አይለይም። ዓይኔ ብሩህ ሳለም አልለየሁም፤
ከእኔ የተማሩትም ሲቸገሩ ኖሩ፣ እየቆጠሩ፣ እየፈለጉ።»

ብልቃጡን ግን አላወረደችም።
ሸምሱን አሰበች መሰለኝ፤ ታናሿን፣ የስምንተኛ ክፍሉን፣
ሰሞኑን በባቲ በኩል ስለሚወርደው መኪና የሚጠይቀውን፣
ጓደኞቹ ከባሕር ማዶ የሚደውሉለትን፣
የልጅነት ጥርሱን ትናንት የጣለውን።

ሦስተኛው ወረቀት ላይ ቀኑን ጻፍኩ። «ከጭቃ» ብዬ፣ ሌላውን ባዶ ተውኩት።
በሩን ስቆልፍ ጉሙ ጦሳን ውጦታል፤
መንገዱ የት ጋ እንደሚታጠፍ አላየሁት።