ጠቅ

ጉወይፋት ድንበር ላይ፣ ልክ ከቀኑ ስምንት፣
ሰልፉ ዘንዶ ሆኖ ተጋድሟል ከፊት፤
ጭንቅላቱ ጉምሩክ፣ ጅራቱ ከእኔ ቤት።

ከኋላዬ ተሳቢው፣ ሃያ ሁለት ቶን ዶሮ፣
ከዜሮ አሥራ ስምንት ወርዶ በብርድ ታስሮ፤
ከፊት እኔ አለሁ፣ ሃምሳ አንድ ዲግሪ፣
ጀርባዬን ወንበሩ ይዞት፣ መዳፌን ሲፈጀው መሪ።
ዶሮዋ ሞታ በረዳት፣
እኔን በቁሜ ጠበሰኝ፤
ማን ጭነት፣ ማን ሾፌር እንደሆነ ግራ ገባኝ።

ኤሲው ያመመው ትናንት ነው፣ ሩወይስን ስናልፍ ማታ፦
መጀመሪያ ለብ አለ፤ ከዚያ ሳለ፤ ከዚያ
ትኩሳት ጣለው እንደ ወባ በሽታ።

ቢሮ ደወልኩ። ሱብራማኒ አነሳ።
«የዶሮው ስንት ነው?»
«አሥራ ስምንት፣ ከዜሮ በታች።»
«ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?»
ዘጋው።
ተሳቢው ላይ መሣሪያ አለ፤ ዶሮዋን ግማሽ ዲግሪ ከሞቃት
አቡ ዳቢ ድረስ ይጮኻል፣ ሦስት ሰው ያነቃል በሌሊት።
ለካቢናው እንዲያ ያለ ጯሂ አልገጠሙለት።

ኑርሰፋ ዘሙሰፋ! እንዲያ ነው የምንለው፣
ሙሰፋ ጋራዥ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።
የስልጤ ልጅ፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጆሮው ግን ሐኪም ያስንቃል፣
መኪና በስልክ ሲያቃስት ሰምቶ የቱ ጋ እንዳመመው ያውቃል።

«መጀመሪያ አትናደድ፤ ንዴት ራሱ ሙቀት ነው።
ነፋስ አለ?» «አለ፤ ግን የእቶን ነው።»
«እሰይ፣ ማራገቢያው ነፍስ አለው። ውረድ፣ የፊቱን ክዳን ክፈተው።»
ወረድኩ። አስፋልቱ ነጠላ ጫማዬን ሳመው።
ኮንደንሰሩ አሸዋ ለብሷል፣ በእሳት ራት ክንፍ አጊጧል፤
በጥርስ ብሩሼ ፈተግኩት፤ የምጠጣው ውኃ አልቋል።
«ቺንጋውስ?» ተጫንኩት፤ ጥብቅ ነው፣ አልላላም።
«ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ቅባት?» ደረቅ ነው፣ አልደማም።
«እንግዲያው ጋዙ አልኮበለለም፤ ከዚያው ከቤቱ አለ፣
የሚቀሰቅሰው ነው ያጣው። አሁን ኤሲውን አብራና ስማ፤ ጠቅ አለ?»

ሰማሁ።
ሞተሩ ያጉረመርማል።
የተሳቢው ማቀዝቀዣ ለዶሮዋ እሹሩሩ ይላል።
ከኋላዬ ያለው ፓታን ራዲዮ ከፍቷል።
ጠቅ ግን የለም።

ፊውዙን ነቅዬ ወደ ፀሐይ ያዝኩት፦ ክሩ አልተበጠሰም።
«ሪሌው ነው» አለ። «ከሳጥኑ ውስጥ መንታውን ፈልግለት፦
ጥቁር፣ ባለ አራት እግር፣ ያው ቁጥር የተጻፈበት።»
አገኘሁት፤ የክላክሱ ነው።
«ነቅለህ አለዋውጣቸው።»
«ክላክሱስ?»
ትንሽ ዝም አለ ኑርሰፋ። ሳቀ መሰለኝ።
«በሰው አገር ምን ልትል ነው የምትጮኸው?» አለኝ።

ነቀልኩ። ተከልኩ።
ጠቅ።

ቅዝቃዜ ወዲያው አይመጣም፤ መጀመሪያ አቧራ ሸተተኝ፣
ቀጥሎ የእርጥብ ካርቶን ጠረን፤ ከዚያ የእጄን አንጓ ነካኝ፣
ዕዳውን ሊከፍል እንደ መጣ ሰው እያመነታ
ወደ ክርኔ ወጣ፣ አንገቴ ሥር ተቀመጠ።
ድሮ፣ በገላፊ መንገድ፣ ማዳበሪያ ጭነን ስንመለስ፣
ኤሲያችን መስኮት ነበር፦ እጅ አውጥቶ መዝገን ነፋስ፣
ደረት ላይ ማፍሰስ።
ያኔ ሙቀቱ የጋራ ነበር፤
ጭነቱም እንደ እኔው ይግል ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ሱብራማኒ።
«ዶሮው?»
«ደህና ነው» አልኩ። «እኔም» ልል ስል ዘጋው።

ሰልፉ ሁለት ጎማ ያህል ተንፏቀቀ።
ከቀኝ አንድ ነጭ መኪና፣ ባዶ ተሳቢውን እያንኳኳ፣
አቧራውን ሰንጥቆ መጣና አፍንጫዬ ሥር ተሰነቀረ።
መዳፌን አነሣሁ፤ መሪው መሐል ላይ
ባለ በሌለ ኃይሌ ጫንኩት፦

ጠቅ እንኳ አላለም።