ያለ ክር

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ልጅቷ በነጭ እርሳስ
መንጋጋዬን አሰመረች፣ ከጆሮዬ እስከ አገጬ ድረስ፤
እኔ በሳሙና ቁራጭ ጨርቅ እንደማሰምር፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ሸዋበር፣ ሲንጀሬን ስዘውር።

«ቢላ የለም፣ መርፌ የለም፣ ሙቀት ብቻ ነው» ስትለኝ፣
ያለ ክር የሚጠብ ወገብ የት አይቼ! ሳቄ አመለጠኝ።
ግን የዕቁብ ብሬን ከፍያለሁ። ተኛሁ።

ስንት የሙሽራ ቀሚስ አሰፋሁ፣ ስንቱን አጠበብኩ፤
ይሄን አገጭ የጣልኩትም እዚያው መሰለኝ፣ እንዳጎነበስኩ።

ጄሉ ሲነካኝ ቀዘቀዘኝ። ይሄን ቅዝቃዜ አውቀዋለሁ፤
ያኔ ሆዴ ላይ ነበር፤ ጥቁር መስኮት ላይ
የጀማል ልብ ሲመታ አየሁ።
ዛሬ የሚታይ የለም። እንደ ካውያ የሚሄድ ሙቀት
ጥርሴ ሥር ይነዝራል፤ እኔ ደግሞ፣ ሞኝነት፣
«ጨርቁን እንዳታቃጥይው» እላለሁ በልቤ፣
ልጅቷን እንደ ለማጅ እየተከተለ ቀልቤ።

በመስኮቱ ጦሳ ይታያል፤ አምና የተናደውን አፈር
በሽቦና በድንጋይ አስረውታል። እስቲ ይደር።

መስታወት ሰጠችኝ። «ሦስት ወር ይታገሡ፣ ቀስ እያለ ነው።»
እኔም ላኮረፈ ደንበኛ
«ሲታጠብ ይስተካከላል» ነበር የምለው።

ማታ ከማል አየኝ፣ ደግሞ አየኝ፣ ጉርሻውን እንደያዘ፤
«ጥርስ ተነቀልሽ እንዴ?»
ዝም አልኩ። ጣቴ ብቻ በጠርዙ ተጓዘ፣
ከጆሮ እስከ አገጭ፣
ስፌቱን ፍለጋ።