ያስነጠሰው ሬሳ

ሦስተኛው ሬሳ እኔ ነኝ።
ቱሉ ዲምቱ ዳር፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት፣
ጣሪያ ባልለበሰ ጅምር ብሎኬት ቤት፣
የሲሚንቶ ከረጢት ተንተርሼ የሞትኩት፣
የቲማቲም ድልህ በውሃ አቅጥነው
ደረቴ ላይ የደፉበት።

ሸዋቀና "ጀምሩ!" አለ። ዝንቡም ጀመረ።
ድልህ ይወዳል እንጂ ድርሰት አላነበበ፤
ከአገጬ ተነሣ፣ አፍንጫዬ ጫፍ ሠፈረ።
ያዝኩት፣ ያዝኩት፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር፣
አስነጠስኩ።

ጸዳለ፣ መርማሪዋ (ሌላ ጊዜ ፀጉር ትሠራለች)
ካሜራው ፊት፣ ሽጉጧን እንደደገነች፣
"ይማርህ" አለች።

"ይደገም?" አልኩ፣ ከሞት ቀና ብዬ።
"ተኛ!" አለኝ፣ እያጨበጨበ፣
"ይኼማ ይገባል! ነፍስ ይማር የሚባል ሰውዬ
ይማርህ ሲባል ማን አየ?"

እንዲህ ነው ሸዋቀና።
እንደ ገላን ሚኒባስ ረዳት፣
ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ በሩ አልዘጋ እያለ
"አንድ ሰው የቀረው!" እያለ የሚጣራ።
ከነፍስ ግድያው መሀል ሠርግ ይገባል፣
ከሠርጉ መሀል ባጃጅ፣ ከባጃጁ ኋላ ፍየል።
ፍየሏ የማን ናት? እንጃ። ዝም ብላ ገባች።
አልቆረጣትም፤ ሦስቴ ታየች፣
በመጨረሻም ማስረጃውን በላች።

ከመሀል ከተማ የመጣ አንድ አዋቂ
ጃኬቱ በር ላይ ጥቁር፣ ደረጃው ላይ ቡናማ መሆኑን አየ፤
በመስኮት ሲዘንብ በበር ፀሐይ መሆኑን አየ፤
"ስፌቱ ይታያል" አለ።
ይታያል እንጂ!
እኛስ ምናችን ነው ስፌቱ የማይታየው?
ከካዛንቺስ አንድ ቅዳጅ፣ ከአራት ኪሎ አንድ ቅዳጅ፣
ግማሽ መንገድ፣ በሳምንት አንድ ቀን ውሃ፣
እዚህ ሜዳ ላይ የተጣፍን።

ያን ማታ የአልጋ ልብስ ወጥረን አየነው።
ነፋስ ሲመጣ የገዳዩ ጉንጭ ይነፋል፣
ልጆች ይጮኻሉ፤ ሳቅ ነው? ፍርሃት ነው?
ሁለቱም ባንድ ጉሮሮ ይወጣል።
ሳስነጥስ መንደሩ ሁሉ "ይማርህ!"
ልክ ጭምብሉ ሊገለጥ ሲል
መብራት ሄደ።

ማንም ቤቱ አልገባ።
በጨለማው "ደላላው ነው" አሉ ወይዘሮ አስካለ፣
"ሙሽራው ነው እንጂ" አለ የብሎኩ ዘበኛ፣
"ፍየሏ ናት!" አለ አንድ ሕፃን፣ ማልቀስ ቃጣው ስላልታመነ።
ጄኔሬተር ነበረን።
አየሁት ሸዋቀናን፣ በስልኩ ብርሃን፣
የማስነሻውን ገመድ ጨብጦ፣ ሳይስብ፣
አፉን ከፍቶ ሲሰማን።

ማን እንደሆነ አትጠይቀኝ።
የሞትኩት ሰውዬ እንኳ አላወቅሁም፣ ማን እንደገደለኝ።
ማንም ይሁን፣
ይማረው።